አይጥ የሞተ መስሎን ነበር

ኅዳር 2003 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የሰፈራችን የቤት ኅብረት ጸሎት ተራ የደረሰው እኛ ጋ ነበር። ከማለዳ ጀምሬ ቤቱን ሳጸዳ፣ ዳቦ ስደፋ፣ ከጎረቤት ወንበር ስዋስ ውዬ፣ እንግዶች ሊመጡ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራቸው ከበረንዳው በኩል አንድ ጠረን ገባ። መጀመሪያ ላይ ስስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን አፍንጫ የሚያስይዝ ሆነ። የሞተ ነገር ሽታ ነው። አንድ ቦታ አይጥ ሞታለች አልን።

ባለቤቴ ኮቱን አውልቆ ሶፋውን ጎተተ። እኔ ምንጣፉን ገለጥኩ፤ ቁም ሳጥኑ ሥር በባትሪ አየሁ። ኮርኒሱን ሳይቀር በመጥረጊያ እጀታ ነካካነው። ምንም የለም። ጢሱ ሽታውን ያሸንፈዋል ብዬ ቡናው ቶሎ እንዲቆላ አደረግኩ። አላሸነፈውም፤ እንዲያውም ሁለቱ ተቀላቅለው የባሰ ነገር ሆኑ። ወገኖች መግባት ጀመሩ። ማንም ምንም አላለም፤ የፓስተር ቤት ነዋ! አንድ ሽማግሌ ብቻ መሐረባቸውን አውጥተው ጉንፋን እንደያዘው ሰው አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ እስከ መጨረሻውም አላወረዱትም። የዚያን ዕለት ጸሎት አጭር ነበር።

ምሥጢሩን ያወጣችው ከእናቷ ጋር የመጣች የስድስት ዓመት ልጅ ናት። በረንዳ ላይ ስትጫወት ቆይታ፣ ሰው ገና “አሜን” ብሎ ዓይኑን ሳይገልጥ እየሮጠች ገባችና፣ “እትዬ፣ አበባው እኮ ነው የሚሸተው! ዝንብ ሞልቶበታል!” አለች።

ተያይዘን ወጣን። በበረንዳው ጥግ፣ አማቴ በሰጡኝ ተክል ላይ የምግብ ሳህን የሚያህል ኮከብ ተዘርግቷል። አምስት ጫፍ አለው። መደቡ የገረጣ ቢጫ ሲሆን ከዳር እስከ ዳር በቀጫጭን የወይን ጠጅ መስመሮች ተሰምሯል፤ በላዩ ላይ ስስ ጸጉር ስላለው የእንስሳ ቆዳ ይመስላል። መሐሉ ላይ አረንጓዴ የሚያብለጨልጩ ዝንቦች ይርመሰመሳሉ። እንዲህ ያለ አበባ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜም ትዝ አይለኝም።

ባለቤቴ እንግዶቹን ሊሸኝ ሲወጣ ዘበኛችንን ጠርቼ፣ “ይህን ነቅለህ ጣልልኝ” አልኩት።

“ቶሎ አታብብም”

በሽታው ብቻ ተናድጄ ጥዬው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። ነገሩ የቆየ ነው።

አማቴ የሚኖሩት ድሬዳዋ ነበር። ግቢያቸው በዘይት ጣሳ በተተከሉ አበቦች የተሞላ ነው። የተጋባነው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በዓመቱ ልንጠይቃቸው ሄደን ስንመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አስያዙኝ። ገለጥ ሳደርገው ቅጠል የሌለው፣ አራት ጠርዝ ያለው፣ ሲነኩት እንደ ከፋይ ጨርቅ የሚለሰልስ አረንጓዴ ግንድ ነው። ቁልቋል ይመስላል፤ የሚወጋ እሾህ ግን የለውም። “ያዣት፣ ልጄ። ቶሎ አታብብም፤ አትቸኩያት” አሉኝ።

ያን ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከተጋባን ዓመት አልፎናል፤ ልጅ የለም። ከአምልኮ በኋላ ሰላም የሚሉኝ እህቶች ዓይናቸው ሆዴ ላይ አርፎ ይመለስ ነበር። “ወሬ የለም?” ብለው በግልጽ የሚጠይቁኝም ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጆሮ ነው “ቶሎ አታብብም” የሚለውን የሰማሁት። አውቶቡሳችን አዋሽን ሳያልፍ ነገሩን በልቤ ጨርሼዋለሁ፤ አማቴ ቅጠል የሌለው እንጨት ሰጥተው ሰድበውኛል።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ተክሉንም በቂም ተከልኩት። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ የማይደርስበት የልብስ ማጠቢያ ቦታ ላይ ወሸቅኩት፤ የሳፋው ውኃ በተደፋ ቁጥር ይደርሰዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ እምቡጥ አላሳየም። እኔም ባየሁት ቁጥር ለራሴ “እውነትም አታብብም” እል ነበር። ዛሬ ሳስበው ይህ ተክል ከማይወዳቸው ነገሮች ሁለቱን፣ ጥላንና የማያባራ እርጥበትን፣ አሟልቼ ሰጥቼዋለሁ። አለመሞቱ ራሱ ተአምር ነው።

በ2002 ክረምት አዲስ የመጣች የቤት ሠራተኛችን ለሳፋዎቿ ቦታ ስትፈልግ ማሰሮውን አንሥታ በረንዳው ጥግ አኖረችው። እዚያ የጠዋት ፀሐይ ይደርሰዋል፤ ጣሪያው ከዝናብ ይከልለዋል። ጥቅምት ላይ እንደ ፊኛ የተነፋ እምቡጥ አወጣ። እውነቱን ለመናገር እምቡጡን ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

ባለቤቴ ሸኝቶ ሲመለስ ባዶውን ማሰሮ አየ። “አበባዋስ?” አለኝ። “አስጣልኳት” አልኩት። ዝም አለ። ባለቤቴ ሲቆጣ ዝም ይላል፤ ሲያዝንም ዝም ይላል፤ ሁለቱን የምለይ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ይህኛው የሐዘኑ ነበር። እሑድ ሰበከ፣ ሰኞና ማክሰኞ ወጣ ገባ አለ። ሐሙስ ማታ ቆሻሻ የሚጠራቀምበትን ማዳበሪያ ዘቅዝቆ ሲፈትሽ አገኘሁት። እጅጌው ላይ የድንች ልጣጭ ተጣብቆበታል። በእጁ የጣት ርዝመት ያላት፣ የተጨማደደች የግንድ ስባሪ ይዟል።

“እናቴ ቤት በዚህ ሰሞን እንዲህ ይሸታል” አለኝ። በልጅነታቸው ከወንድሞቹ ጋር ማን አፍንጫውን አበባው ላይ ደቅኖ ብዙ ይቆያል እያሉ ይፎካከሩ ነበር።

“ታዲያ ያን ቀን ሶፋ ስትጎትት እንዴት አላወቅኸውም?”

“ሃያ ዓመት ሆኖኛል እኮ። አይጥ ነው ስትዪኝ አይጥ ሸተተኝ። አበባዋን ሳያት ነው የታወሰኝ።”

ያን ምሽት ድሬዳዋ ደወልን። ስልኩን ተቀብዬ፣ “እማማ፣ እንደምትሸት ለምን አልነገሩኝም?” አልኳቸው። ሳቁ። አማቴ እኔን ሲያናግሩ ሲስቁ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። “ብነግርሽ ትወስጃት ነበር?” አሉኝ። ቀጥለውም፣ “አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የለሽም። ሌላ አበባ ብሰጥሽ በውኃ ጥም ይሞትብሽና ታዝኚያለሽ። ይቺ ብትረሻትም አትቀየምሽም ብዬ ነው” አሉ።

ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ስድብ ይህ ነበር። ስልኩን ለባለቤቴ መልሼ ወደ ኩሽና ገባሁ። ሌሊቱን ሁሉንም ነገርኩት፤ “ቶሎ አታብብም” የሚለውን፣ የአዋሹን መንገድ፣ የልብስ ማጠቢያውን ጥግ። ብዙ ከቆየ በኋላ፣ “እናቴ ስለ አበባ ስታወራ የምታወራው ስለ አበባ ነው” አለኝ።

በልጅ ጉዳይ ለሚጠይቁኝ አንባቢያን፦ የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከአበባው ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም፤ እባካችሁ ምስክርነት አታድርጉት።

ሚሲዮናዊውና ኮከቡ

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ተክል ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ስሙ ስታፔሊያ ጂጋንቲያ ነው። አገሩ ከደቡብ አፍሪካ አንሥቶ እስከ ታንዛኒያ ይደርሳል። አበባው ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊሰፋ ይችላል። በጣም ያስገረመኝ ቤተ ሰቡ ነው፤ በየአጥሩና በየጫካው የምናውቀው፣ አበባው ደስ የሚል ጠረን ያለው አጋማችን ዘመዱ ነው።

ሽታው የመበስበስ ምልክት አይደለም። ተክሉ ጤናማ ሆኖ ነው የሚሸተው። ድኝ ያዘሉ ውህዶችን ወደ አየር ይለቅቃል፤ የሚበሰብስ ሥጋም የሚለቅቃቸው እነዚህኑ ነው። ጎመን ብዙ ሲቀቀል የሚመጣው ጠረንም ከዚህ የራቀ አይደለም። የሚጠራው ንብን ሳይሆን ዝንብን ነው። ቀለሙም፣ ጸጉሩም፣ ሽታውም አንድ ላይ ሆነው ዝንቧን የሞተ እንስሳ ያገኘች ያስመስሏታል። ዝንቧ መሐሉን ስትዳስስ በሰም ከረጢት የታሸገ የሚመስል የአበባ ብናኝ አፏ ወይም እግሯ ላይ ይቆነጠጣል፤ ወደ ሌላ አበባ ይዛው ትሄዳለች። ብዙ ጊዜ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። የሚፈለፈሉት ትሎች ግን የሚበሉት ሥጋ የለምና ያልቃሉ።

ባለቤቴ ይህን ከነገርኩት በኋላ በአበባው ሊሰብክ ሞክሮ ነበር። ስለ ፈጣሪ ጥበብ ጥሩ አድርጎ ጀመረ። ዝንቧ የምትታለልበት ቦታ ሲደርስ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። አንድ ወንድም ደግሞ ይህ ተክል ከአዳም ውድቀት በኋላ የመጣ መሆን አለበት ብሎኛል። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ለመወሰን አልቸኩልም። የተማርኩትን ሥነ መለኮት ሁሉ አገላብጬ ስለ ዝንብ የሚል ምዕራፍ አላገኘሁም።

ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ዩስቱስ ሆይርኒዩስ የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1618 ቤተ ክርስቲያን ወንጌልን ወደ ምሥራቅ ሕንድ ደሴቶች እንድታደርስ የሚያሳስብ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከዚያም ሌላውን ከመላክ ራሱ ሄደ። በ1624 ወደ ባታቪያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጃካርታ ሲጓዝ መርከቡ በደቡብ አፍሪካው የመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ቆመች። መርከበኞች ውኃና ስንቅ ፍለጋ ሲወርዱ እርሱ ተክሎችን ይሥል ነበር። ከሣላቸው መካከል አንዱ የዚህ የእኛ አበባ ታናሽ ዘመድ፣ ነጠብጣብ ያለበት ኮከብ ነው። ሥዕሎቹን ሆላንድ ላለው ወንድሙ ላከ፤ በ1644 ቦዴየስ ፋን ስታፔል የተባለ ሐኪም ባዘጋጀው የዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ ታተሙ። ስታፔል መጽሐፉ ሲወጣ በሕይወት አልነበረም፤ ስታፔሊያ የሚለው ስም ግን በእርሱ መታሰቢያ ወጣ። ሚሲዮናዊውስ? እርሱም በኋላ ሁወርኒያ የሚባል ሌላ የዚህ ወገን ተክል ተሰየመለት፤ ሁለት ፊደላት ቦታ ተቀያይረው ስሙ ተበላሽቷል እንጂ። ሆይርኒዩስ በደሴቶቹ ብዙ ዓመት አገለገለ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ማላይ ቋንቋ በመተርጎም ሥራም ተሳትፏል። በስሙ ከተጠሩት ሁወርኒያዎች መካከል በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር የሚበቅሉ አሉ። ወንጌል ይዞ ሲሄድ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሸት አበባ የሣለን ሰው ሳስብ ደስ ይለኛል። ባለቤቴን ግን በዚህ ስብከት ጀምር አላልኩትም።

ቁራጩን ምን አደረግነው?

ወደ ማዳበሪያው ልመለስ። ያች ስባሪ አምስት ቀን ያለ አፈር፣ ያለ ውኃ ቆይታለች። እኔ ሞታለች ብዬ ነበር። ለካ የሚያስፈልጋት ይኸው ነበር! የዚህ ተክል ቁራጭ ወዲያው እንደ ተቆረጠ እርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ ቁስሉ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተጋድሞ ቁስሉ መድረቅና ቆዳ ማውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ በደረቅ አፈር ላይ ለጥቂት ገፋ ተደርጎ ይተከላል እንጂ በጥልቀት አይቀበርም። ውኃው ሥር ሲጀምር ይደርሳል። እኔ በንዴት ያደረግኩት ነገር አንድ ጥሩ አትክልተኛ በዕውቀት የሚያደርገው ሆነ።

አፈሩ ውኃ የማይዝ መሆን አለበት። የግቢያችን ጥቁር አፈር ለእርሱ መቃብር ነው። እኔ ግማሹን ለግንባታ የሚመጣውን ቀይ አሽ አድርጌ፣ የቀረውን አሸዋና ጥቂት ያረጀ ፍግ እቀላቅላለሁ። ማሰሮው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ቢሆን ይመረጣል፤ ግንዶቹ ወደ ጎን እየተጋደሙ ስለሚበዙ። ሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። በበጋ አፈሩ እስከ ታች ከደረቀ በኋላ ብቻ አጠጣዋለሁ፤ በብርዱ ወራት ከዚያም እቀንሳለሁ።

አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ፈተናው ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውጭ ከተተወ ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ይላላና ይወድቃል። ከሰኔ ጀምሮ ጣሪያ ሥር መግባት አለበት። የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ብርድም ይጎዳዋል፤ ግድግዳ ጥግ ማስጠጋት ይበቃል። ድሬዳዋ፣ አዳማና ሐዋሳ ያላችሁ ብርዱ አያሳስባችሁም። ፀሐይን በተመለከተ የጠዋቱ ይበቃዋል፤ ቀኑን ሙሉ ካቃጠለው ግንዱ ወደ ቀይነት ይለወጣል። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር በግንዶቹ መጋጠሚያ ካያችሁ ተባይ ነውና በአልኮል በራሰ ጥጥ እየጠረጋችሁ አንሡት። ሥሩም ላይ ይደበቃል፤ ተክሉ ያለ ምክንያት ከከሳ ነቅላችሁ እዩት።

ስለ ሽታው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። አበባው የሚቆየው ጥቂት ቀናት ነው፤ ሽታው የሚበረታው በተከፈተ ሰሞን ነው። ግንዱ ዓመቱን ሙሉ አይሸትም። ስለዚህ እምቡጡ ሲነፋ ማሰሮውን ከመስኮትና ከበር አርቃችሁ፣ ነፋስ ወደ ቤትም ወደ ጎረቤትም በማይመታበት ቦታ አኑሩት። ጎረቤትን አስቀድሞ መንገርም ነውር የለበትም። እኔ አሁን ከሮቶው ጀርባ ነው የማኖረው። ቅርብ የሆነ ሁሉ ሄዶ ያየዋል፤ ቅርብ ያልሆነ አይረበሽም።

የዮሐንስ ወንጌል 11ኛውን ምዕራፍ ሳነብ አሁን ማርታን የበለጠ አውቃታለሁ። ወንድሟ በሞተ በአራተኛው ቀን ጌታ ድንጋዩን አንሡ ሲል የሽታውን ነገር ያነሣችው እርሷ ናት። ብዙ ሰባኪዎች በእምነት ማነስ ይወቅሷታል። እኔ ቤት የምታስተዳድር ሴት ድምፅ እሰማበታለሁ፤ እንግዳ ባለበት፣ ሰው ሁሉ በቆመበት ይህ ሽታ ሊወጣ ነው። ገጹን ስትገልጡ፣ በ12ኛው ምዕራፍ፣ በዚያችው መንደር ያው ቤተ ሰብ እራት አቅርቧል፤ ማርያምም ሽቱዋን አፍስሳ ቤቱን በመዓዛ ሞልታዋለች። ያችው ማርታ እዚያም እያስተናገደች ነበር።

አማቴ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሄዱ። የድሬዳዋው ቤት ተሸጠ፤ የዘይት ጣሳዎቹን ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም። ከለቅሶው በኋላ የባለቤቴ እህት፣ “ከእማማ አበባ ምንም አልቀረም” ስትል ሰማኋት። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ከእኛው ተክል ሁለት ግንድ ቆርጬ፣ አሥር ቀን በጥላ አድርቄ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ላክሁላት። እንደምትሸት ግን አስቀድሜ ነገርኳት።

ዘንድሮ እኛ ቤት ሁለት እምቡጥ አለ፤ አንደኛው ተነፍቷል። ባለቤቴ የሽማግሌዎች ስብሰባ በዚህ ሳምንት እኛ ቤት እንዳይሆን ካሁኑ ተናግሯል።